መልሱ ቀድሞ የመጣ እንቆቅልሽ

ልጆች ሳለን ማታ ማታ የምንጫወተው ጨዋታ ሕጉ የታወቀ ነበር። አንዷ «እንቆቅልሽ!» ትላለች፤ እኛ «ምን አውቅልሽ!» ብለን እንቀበላለን። ጥያቄው ይመጣል። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ግምት፣ ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ ደግሞ «እባክሽ ትንሽ ፍንጭ» የሚል ልመና ይከተላል። ያቃተው ሀገር ይሰጣል። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን አስረክበንና በደንብ ተሹፎብን ስናበቃ ነው መልሱ የሚነገረን። ታዲያ ያ መልስ አይረሳም። ሀገር የተከፈለበት መልስ እንዴት ይረሳል?

ትምህርት ቤት ስንገባ ሕጉ ተገለበጠ። መልሱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ጠበቀን። ጥያቄው ምን እንደነበር፣ ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደቸገረው የነገረን አልነበረም። የእኛ ሥራ መልሱን ደብተር ላይ መገልበጥ፣ በፈተና ቀን መልሶ መገልበጥ፣ ከዚያ መርሳት ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባን ደግሞ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት፣ ማንም ያልጠየቀውን እንቆቅልሽ መልስ ስንሰበስብ ኖርን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ልቅሶውንማ ሁሉም ያውቀዋል። የምንጽፈው አንድ ነገር ለመሟገት ነው፦ ችግርን መነሻ ያደረገ ትምህርት፣ ፈረንጆቹ «ፕሮብሌም ቤዝድ ለርኒንግ» የሚሉት፣ በአገራችን ተሞክሮ የወደቀ ነገር አይደለም። ስሙ ተወስዶ ሥራው የቀረ ነገር ነው። የቀረውም በገንዘብ እጦት ብቻ አይመስለንም። ጥያቄን ከመልስ ማስቀደም ስለሚያስፈራን ጭምር ነው።

ችግር ፈቺ የሚባል ታርጋ

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዓላማዎቹ መካከል የዜጎችን ችግር የመፍታት አቅም ማሳደግን በግልጽ አስፍሯል። ከዚያ ወዲህ «ችግር ፈቺ» የምትለው ቃል ያልተለጠፈችበት ቦታ የለም። ችግር ፈቺ ዜጋ፣ ችግር ፈቺ ምርምር፣ ችግር ፈቺ ተመራቂ። የምረቃ ባነር ላይ አለች፣ የስትራቴጂክ ዕቅድ ሰነድ ላይ አለች፣ የክብር እንግዳው ንግግር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አለች።

ለመሆኑ የትኛውን ችግር? ተማሪው ከችግሩ ጋር መቼ ተዋወቀ? እኛ እንደምናስታውሰው ከሆነ «ችግር መፍታት» ራሱ በትርጉም ደረጃ ተጽፎልን ሸምድደነዋል። «የችግር አፈታት ደረጃዎችን ዘርዝር» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶ አምስቱንም ደረጃ በቅደም ተከተል ጽፈን ሙሉ ነጥብ ያገኘን አለን። አንድም ችግር ሳንፈታ!

እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1997 ዓ.ም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ያየነውን ታናናሾቻችን አያምኑንም። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ትምህርት ነው። የክፍለ ጊዜው ዋናው ደቂቃ የቴሌቪዥኑ ነው፤ የቲቸር ድርሻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የቀረችው ፍርፋሪ ናት። አቅራቢዋ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ያልመለሰውን መልስ «ትክክል ናችሁ!» ብላ ታደንቃለች። ስድሳ ተማሪ እርስ በርሱ ይተያያል። «ማነው የመለሰው?»

ያን ጊዜ የምንስቀው በቴሌቪዥኑ ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አልነበረም። ፕላዝማው የሠራው ነገር ቢኖር በየክፍሉ የነበረውን ልማድ ግልጽ አድርጎ ማሳየት ነው፤ ተማሪው ጠየቀም አልጠየቀም፣ ገባውም አልገባውም፣ መልሱ በሰዓቱ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር ቲቸር ወደ እኛ ዞረው «እስቲ ምኑ ነው ያልገባችሁ?» የሚሉን። በጨለማ ነው የተማርነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

«ስሜን ጻፉልኝ»

ከዚያ ዘመኑ ተሻሻለ ተባለና «ንቁ ተሳትፎ»፣ «ተማሪ ተኮር»፣ «ግሩፕ ወርክ» መጣ። ይሄኛውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህሩ ስምንት ስምንት አድርገው ይከፋፍሉናል፣ ርዕስ ያድሉናል፣ «በሁለት ሳምንት አስገቡ» ይሉናል። ከስምንቱ አንዷ ትጽፋለች። አንዱ የፕሪንት ብር ያዋጣል። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያስጠርዛል። አምስቱ ደግሞ «ስሜን ጻፉልኝ» ብለው ይሰናበታሉ። ሽፋኑ በቀለም ያሸበረቀው ወረቀት ከ15 ይታረማል፤ የሚታረመውም በውፍረቱ ነው።

ይህን ያየ ወላጅ «ድሮ በዱላና በሽምደዳ ይሻል ነበር» ቢል አንፈርድበትም። ግን ያየው ችግርን መነሻ ያደረገ ትምህርት አይደለም። ያየው ሌክቸር ነው፤ ልዩነቱ ሌክቸሩን የምታዘጋጀው ያቺ አንዷ ምስኪን ልጅ መሆኗ ብቻ ነው። ርዕስ ችግር አይደለም። «የውኃ ብክለት» ርዕስ ነው። «ሰፈራችን ካለው የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ታመሙ፤ ጉድጓዱ ይዘጋ ወይስ ይቆይ?» ግን ችግር ነው። የመጀመሪያውን ከኢንተርኔት ገልብጠህ ታስገባለህ። ሁለተኛውን ከየትም አትገለብጠውም።

ከሃሚልተን የመጣው ነገር ምን ነበር?

ነገሩ በዚህ ስሙ የታወቀው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ከተማ ነው። የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል መሥራቾቹ አንድ የተለመደ አሠራር አፈረሱ። በሌላው ዓለም የሕክምና ተማሪ መጀመሪያ ለዓመታት አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ይሸመድዳል፣ ከዚያ በኋላ ሕመምተኛ ያያል። ሕመምተኛው ፊት ሲደርስ የሸመደደው ግማሹ ጠፍቷል፤ የቀረውን ደግሞ የቱን ከየት አምጥቶ እንደሚጠቀምበት አያውቅም። ማክማስተር ገለበጠው። ተማሪዎቹ በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው መጀመሪያ የሚያገኙት የአንድ ሕመምተኛን ታሪክ ነው፤ አናቶሚውም ባዮኬሚስትሪውም ያንን ሰው ለመረዳት ሲባል ይመጣል። የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ይህን ዘዴ በመተንተንና በማስፋፋት ስማቸው ጎላ። ቀጥሎ በ1970ዎቹ የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለውና በሰባት ደረጃ የተከፈለ የውይይት ሥርዓት አበጀለት።

እንግዲህ ከዚያ የሚወሰዱትን መርሖች አንድ በአንድ እናስቀምጥ። እግረ መንገዳችንንም የእኛን አገር ቅጂ አጠገባቸው እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ችግሩ ይቀድማል። ከምዕራፉ በኋላ የሚመጣ መልመጃ ችግር አይደለም። የምዕራፉ ርዕስ «የፓይታጎረስ ቲዎረም» ከሆነ መልመጃው በየትኛው ፎርሙላ እንደሚሠራ ሳታነበው ታውቃለህ። የሕይወት ችግር ግን ርዕስ ተጽፎበት አይመጣም። ዋናው ችሎታ ደግሞ እሱ ነው፤ የትኛው እውቀት የት እንደሚፈለግ መለየት።

ሁለተኛ፣ ችግሩ እውነተኛና ያልተበጠረ ይሆናል። አንዳንድ መረጃ ይጎድለዋል፣ አንዳንዱ ይተርፈዋል፣ ከአንድ በላይ አጥጋቢ መልስ ይኖረዋል። ይህ ማለት ግን መምህሩ ከመንገድ ላይ ያገኘውን ችግር አንስቶ ይሰጣል ማለት አይደለም። ጥሩ ችግር ተማሪው በየትም በኩል ቢሄድ ከሚፈለገው ትምህርት ጋር እንዲጋጭ ሆኖ የተሠራ ወጥመድ ነው። ለዚህ ነው ከሌክቸር ይልቅ ብዙ ዝግጅት የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ «አላውቅም» የሚባልበት ቦታ አለው። ቡድኑ ችግሩን ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ሦስት ቦታ ይከፍላል፦ የምናውቀው፣ የምንገምተው፣ ማወቅ ያለብን። ሦስተኛው ዓምድ ነው የትምህርቱ እምብርት። ተማሪው የራሱን የቤት ሥራ የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው። በእኛ ክፍል «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያውቅ መስሎ ዝም ይላል፣ መምህሩም ዝምታውን እንደ መግባባት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል።

አራተኛ፣ መምህሩ መልስ አይሰጥም፤ ሥራ ግን አይፈታም። እዚህ ላይ ትልቅ ማጭበርበር አለ። «ፋሲሊቴተር» የሚለው ቃል ሲመጣ አንዳንድ አስተማሪዎች የተረጎሙት «ተወያዩ» ብሎ ሻይ ለመጠጣት መውጣት አድርገው ነው። ትክክለኛው ሥራ ግን ከማስተማር ይከብዳል። እየዞሩ ማዳመጥ፣ «ይህን በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ዝም ያለችውን ማናገር፣ ብቻውን የሚለፈልፈውን መግታት፣ ቡድኑ ገደል ሊገባ ሲል መልስ ሳይሆን የተሻለ ጥያቄ መወርወር።

አምስተኛ፣ ወደ ችግሩ መመለስ አለ። ተማሪዎቹ ለየብቻቸው አንብበውና ጠይቀው ይመለሳሉ፣ ያገኙትን ችግሩ ላይ ይሞክሩታል፣ የመጀመሪያ ግምታቸው የት እንደሳተ ይናገራሉ። እኛ ጋ የሚቀረው ይህ ነው። ወረቀቱ ከገባ በኋላ ማን መልሶ አነሳው?

ስድስተኛ፣ ፈተናው ከትምህርቱ ጋር ይስማማል። ዓመቱን ሙሉ አስብ ብለኸው መጨረሻ ላይ «ከሚከተሉት ትክክለኛው የቱ ነው» ካልከው፣ ተማሪው ሞኝ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሰቡን ይተዋል።

እስቲ በሮቶ እንየው

ነገር በምሳሌ ይሻላል። ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ነው እንበል። መምህሯ ገብታ አንድ ወረቀት ታድላለች፦ «ወይዘሮዋ ቤት አምስት ሰው ይኖራል። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊትና ቅዳሜ ሌሊት። ሮቶ ሊገዙ ነው። ምን ያህል ሊትር የሚይዝ ይግዙ? የት ላይ ይስቀሉት?» አለቀ። ፎርሙላ የለም፣ ምዕራፍ የለም።

አዲስ አበባ ያደገ ተማሪ ይህን ችግር ከመምህሯ በላይ ያውቀዋል። ወዲያው ክርክር ይነሳል። አንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ይጨርሳል? ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሄደው ቤታቸው በጄሪካን ለክተው ይመጣሉ። 30 ሊትር ሆነ እንበል። አምስት ሰው በቀን 150 ሊትር ነው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ስለሆነ 600 ሊትር። «በቃ፣ የ1000 ሊትሩ ይበቃል» ይላል አንዱ። «አንድ ፈረቃ ቢዘለልስ?» ትላለች ሌላዋ። ሰባት ቀን በ150 ሲባዛ 1050 ሊትር። አልበቃም! እዚህ ጋ መምህሯ ጣልቃ ገብታ «ትልቁን ግዙ» አትልም። «በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚዘለለው? ለዚያ ተብሎ ትልቁን መግዛት ያዋጣል?» ትላለች። ሳያውቁት ፕሮባቢሊቲ በር ላይ ደረሱ።

ከዚያ «የት ይሰቀል?» የሚለው ይመጣል። 1000 ሊትር ውኃ 1000 ኪሎ ነው፤ አሥር ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ እንደ መጫን ማለት ነው። የጭቃ ቤት ይሸከማል? ደግሞም «ሮቶው ትልቅ ሲሆን ሻወሩ ይጠነክራል» የሚል ቡድን አይጠፋም። ብዙ አዋቂም እንደዚያ ያምናል። መምህሯ «ተሳስታችኋል» አትልም። አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ሃይላንድ ታስመጣለች፣ ከግርጌ እኩል ከፍታ ላይ እኩል ቀዳዳ ታስበሳለች፣ ሁለቱም ውስጥ ውኃው እኩል ከፍታ እስኪደርስ ታስሞላለች። ውኃው ከሁለቱም እኩል ርቆ ይወጣል። ክፍሉ ይጮኻል። ግፊት የሚወሰነው በውኃው ከፍታ ነው እንጂ በብዛቱ አይደለም። አሁን፣ አሁን ብቻ፣ መምህሯ ሰሌዳው ጋ ሄዳ የፈሳሽ ግፊትን ፎርሙላ ትጽፋለች። በየአንድ ሜትር ከፍታ 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ እንደሚጨምር ታሳያለች።

ልብ በሉ፤ ሌክቸሩ አልቀረም። ቦታው ነው የተቀየረው። ሀገር ከተሰጠ በኋላ መጣ።

«ይሄ እኛ አገር አይሠራም»

መልሱን እናውቀዋለን። መጀመሪያ የሚነሳው የክፍል ብዛት ነው። እውነት ነው፤ ማክማስተር ጋ ለአንድ ትንሽ ቡድን አንድ አስጠኚ አለ፣ እኛ ጋ ለስድሳና ለሰባ ተማሪ አንድ መምህር። ግን ሰባ ተማሪ ሲሆን ሌክቸር ይሠራል ያለው ማነው? ሰባ ተማሪ ፊት ቆሞ ማውራት መምህሩን ያደክማል እንጂ ተማሪውን አያስተምርም። ስድሳ ተማሪ አሥር ቡድን ነው። አንድ መምህር እየዞረ አሥሩን ሊያዳምጥ ይችላል፤ አንድ ሕግ ካለ፦ ቡድኑን ወክሎ የሚመልሰውን የሚመርጠው ቡድኑ ሳይሆን ዕጣ ነው። በዚህ ሕግ «ስሜን ጻፉልኝ» በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ስሙ የተጻፈ ሁሉ ተነስቶ ሊጠየቅ ይችላልና።

ሁለተኛው «የፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሰው አያውቁም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ በመድገም አይመረቅም። ቀን ጥግ ይዞ ወይም ዱር ገብቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። ትናንት የተባለውን መድገም ነውር ነው። ሲጀምር በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ እያደገ ሄዶ መወድስ ይደርሳል። ችግሩ ከተማሪው አቅም ጋር እየከበደ የሚሄድ፣ ተማሪው መጀመሪያ ራሱ የሚታገልበት፣ መምህሩ በኋላ የሚያርምበት ሥርዓት! ማክማስተር ከመወለዱ ከመቶ ዓመታት በፊት ጎጃምና ጎንደር ነበር።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ፤ በማግሥቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ገጠር ወርደው ሕዝብ መሀል እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር የሚሠለጥኑት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መታወቂያው አድርጎ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌ ላከ፤ ቤት ለቤት ዞረው ችግር እንዲለዩ፣ የትኛው እንደሚቀድም እንዲወስኑ፣ መፍትሔ እንዲያቅዱ። እነዚህ የማክማስተር ግልባጭ ናቸው አንልም። ችግር ትምህርትን ሊመራ እንደሚችል ግን በገዛ አገራችን ታይቷል።

ሦስተኛው ክርክር ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ በአግባቡ እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀማሪን ያለ በቂ መሪ «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ማለት አያስተምርም፣ አእምሮውን ያጨናንቃል ብለው ጻፉ፤ ችግርን መነሻ ያደረገውንም ትምህርት ከተቹት ውስጥ ጨመሩት። በሚቀጥለው ዓመት እነ ህሜሎ-ሲልቨር ሲመልሱላቸው፣ በአግባቡ የተሠራ ችግር ተኮር ትምህርት ደጋፊ የበዛበት እንጂ ተማሪ ሜዳ ላይ የሚጣልበት አይደለም አሉ። ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጡ የጥናት ዳሰሳዎችም በዚህ መንገድ የተማሩ የሕክምና ተማሪዎች በክሊኒክ ሥራ እኩል ወይም የተሻሉ፣ በመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ግን አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ያሉ ሆነው እንደተገኙ አሳይተዋል።

እኛ ሁለቱንም ወገን እንሰማለን። ከባዶ ጭንቅላት መፍትሔ አይወጣም። ሽምደዳን ጠቅልለን እናጥፋ አንልም፤ የማባዛት ሰንጠረዥን በክርክር የሚያገኝ ልጅ የለም። የቅኔው ተማሪም ቅኔ ቤት ከመግባቱ በፊት ንባብና ዳዊት አልፎ ነው የመጣው። ፊደል ያልቆጠረ ቅኔ አይቆጥርም። ጥያቄያችን ግን ይሄ ነው፦ አሥራ ሁለት ዓመት ፊደል ብቻ ቆጥረን ቅኔው መቼ ነው የሚጀመረው?

የፈተናው ነገር

አራተኛው ክርክር ፈተና ነው። «ማትሪክ አለባቸው፣ ጊዜ የለም፣ ምዕራፉ ማለቅ አለበት።» ደግ። ምዕራፉን ስንጨርስ ምን አገኘን? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ እሰየው፣ ግን ከመቶ ዘጠና በላይ በዚያ ዓመትም ከግማሽ በታች ነበር።

ለዚህ ውጤት ጦርነቱም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የመምህራን ኑሮም ድርሻ አለው፤ ሁሉንም በማስተማር ዘዴ ላይ መደፍደፍ ውሸት ይሆናል። ነገር ግን «ዘዴውን ከቀየርን ፈተና ይወድቃሉ» የሚለው ማስፈራሪያ ከእንግዲህ ማንን ያስፈራል? ምርጫ ሆኖ የመጣው፣ መልሱ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ፊታችን የተቀመጠው ፈተና እንኳን አላለፈንም። ለሸምዳጅነትም አልበቃንም ማለት ነው።

ደግሞ አንድ አዲስ ነገር አለ። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ መልስ ያድላል። ቻትጂፒቲን የጠየቀ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቲቸር በአንድ ሳምንት የሚያስገለብጡትን ኖት በደቂቃ ያገኛል፤ ትክክል ይሁን ስህተት ግን መለየት ካልተማረ አያውቀውም። መልስ ርካሽ በሆነበት ዘመን መልስ ብቻ የሚሸጥ ትምህርት ቤት ኪሳራ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

አብዮት አንጠይቅም። ሥርዓተ ትምህርቱ በአንድ ሌሊት ይገልበጥ የሚሉ ሰዎች እንደገና ባነር ነው የሚያሰቅሉን። የምንጠይቀው ትንሽ ነው።

በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት በአንድ ሴሚስተር አንድ፣ አዎ አንድ ብቻ፣ እውነተኛ ችግር ከምዕራፉ ቀድሞ ይሰጥ። ሁለት ሳምንት ይውሰድ፤ ዕጣ ይውጣበት፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታይ። መምህራን ደግሞ በዚሁ ዘዴ ይሠልጥኑ። ስለ ንቁ ተሳትፎ የአራት ሰዓት ሌክቸር በፓወር ፖይንት ሰጥቶ የውሎ አበል አስፈርሞ የሚልክ ሥልጠና፣ ስለ ዋና በመጽሐፍ አስተምሮ ባሕር ላይ እንደ መጣል ነው። መምህሩ ራሱ ሳይቸገር እንዴት ያስቸግር? ሦስተኛ፣ ብሔራዊ ፈተናው ውስጥ ጥቂት እንኳ ተማሪው አስቦ የሚጽፍባቸው ጥያቄዎች ይግቡ። ማረሙ ያደክማል፤ እናውቃለን። ግን መምህሩም ተማሪውም አስጠኚውም ፊቱን የሚያዞረው ፈተናው ወደሚያይበት ነው።

ለእኛ ለራሳችንም የቤት ሥራ አለ። አብዛኞቻችን ታናሽ እህት ወይም ወንድም እናስጠናለን፤ አንዳንዶቻችን የምንኖረው በማስጠናት ነው። ደብተሩን ከፍተን «ይሄ በዚህ ተባዝቶ፣ ይሄ ወደዚህ ተሻግሮ» ማለት ይቀናናል፤ ምክንያቱም እኛም የተማርነው እንደዚያ ነው። ዛሬ ማታ ደብተሩ ሳይከፈት አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው። የመብራት ቆጣሪውን አሳይተን «የዚህ ወር ለምን በለጠ?» እንበላቸው። ከዚያ ዝም እንበል። ያ ዝምታ ይከብዳል። መልሱ አፋችን ላይ መጥቶ ይተናነቀናል። እንዋጠው።

ይገምቱ። ይሳሳቱ። ይጨቃጨቁ። ሲያቅታቸው ሀገር ይስጡን፤ ጎንደርንም ሐረርንም ጅማንም እንቀበላለን። መልሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።